ሮቶ የገዛ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አልገዛም
በአቃቂ ቃሊቲ የቤት ውኃ ገበያ ርካሹ መከላከያ ተረስቷል

የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ሁለት ዓይነት ምንጭ አለው። አንደኛው በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች የሚጠራቀመው ሲሆን፣ ሁለተኛው አቃቂን ጨምሮ ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው ነው። አቃቂ ቃሊቲ እንግዲህ ለከተማዋ ውኃ አቅራቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ክፍለ ከተማ ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ።

ፈረቃው የራሱን ገበያ ፈጥሯል። የሚከራይ ቤት የሚያሳይ ደላላ ከክፍሎቹ ብዛት ቀጥሎ የሚጠቅሰው ግቢው ሮቶ እንዳለው ነው። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ፓምፕ፣ ማጣሪያና የታሸገ ውኃም ገዢ አያጡም። ችግሩ ገዢው ብዛትንና ንጽሕናን እንደ አንድ ዕቃ መቁጠሩ ነው። ሮቶ የሚሸጠው ብዛትን ብቻ ነው።

ለምን ቢባል፣ ውኃው ከማጣሪያ ጣቢያም ሆነ ከጉድጓድ ሲለቀቅ በክሎሪን ይታከማል። ፈረቃው ሲዘጋ ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። መስመሩ የተሰነጠቀ ወይም መገጣጠሚያው የላላ ከሆነ በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውኃው ሲመለስ ይህንኑ እየገፋ ወደ ደንበኛው ያደርሳል። በሮቶ ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ ደግሞ፣ በተለይም ፀሐይ ሲያገኘው፣ የቀረው ክሎሪን እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻም በጣሳ ሲጨለፍ እጅ ይነካዋል።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባካሄደው የውኃ ጥራት ምርመራ፣ ናሙና የተወሰደው ከመቅጃው ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ከሚጠጣው ውኃም ነበር። ብክለቱ በቤት ውስጥ ባለው ውኃ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የተከሰተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። 5 ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ቢጠጣ በቀን 10፣ በዓመት 3,650 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። መታከም ያለበት ይህ ብቻ ነው፤ ልብስ ማጠቢያውን ማከም አያስፈልግም። የታሸገ ውኃ የሚገዛ ቤተሰብ የአንዱን ሊትር ዋጋ በ3,650 ያባዛ።

ማፍላት አስተማማኝ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ፣ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ መቆየት አለበት። ነገር ግን 10 ሊትር ውኃ ለማፍላት፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳን፣ 0.85 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ በዓመት ከ300 በላይ ማለት ነው። የፈላ ውኃም ከቀዘቀዘ በኋላ በቆሸሸ ዕቃ ከተጨለፈ እንደገና ይበከላል።

ክሎሪንስ? ለጠራ ውኃ በተለምዶ የሚመከረው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ለዓመቱ 3,650 ሊትር የሚያስፈልገው 7.3 ግራም ብቻ ይሆናል። ይህም በ5 በመቶ ፈሳሽ ሲሰላ 146 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። ይህ ሒሳብ በረኪና ቅዱ ማለት አይደለም፤ በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፣ ሽቶ የተቀላቀለበትም አለ። ለመጠጥ ውኃ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ «ውሃ አጋር» በሚል ስም ለገበያ እንደቀረበው ያለውን ፈሳሽ ወይም የውኃ ማከሚያ ኪኒን፣ በመመሪያው መሠረት ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ መጥለል አለበት።

ማጣሪያ ገዢም ይጠንቀቅ። የከሰል ማጣሪያ ጣዕም ያሳምራል፤ ነገር ግን መከላከያ የሆነውን ክሎሪን አብሮ ያስቀራል። የሸክላ ማጣሪያ ተሕዋስያንን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ በየጊዜው ካልተፈገፈገ ይደፈናል፣ ከተሰነጠቀም ጥቅም የለውም።

ክሎሪን የማይችለውም አለ። ኬሚካል አያስወግድም። በአቃቂ ወንዞች የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ስለሚወርድ፣ በአቅራቢያቸው የግል ጉድጓድ ያለው ባለሀብት በክሎሪን ከመተማመኑ በፊት ውኃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር ይኖርበታል። ማፍላትም ኬሚካሉን አያጠፋውም፤ ውኃው በተነነ መጠን ያጠነክረዋል እንጂ።

ለነጋዴው እዚህ ላይ ያልተነካ ሥራ አለ። ሮቶ ለዓመታት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የክሎሪን ጠርሙስ ግን ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ገዢውን ደጋግሞ ያመጣዋል። ሮቶ ሻጩ ክዳኑ የሚገጥም፣ ቧንቧ ያለው የመጠጥ ውኃ ማስቀመጫ፣ ክሎሪንና በዓመት ሁለት ጊዜ የማጠብ አገልግሎት አንድ ላይ ቢያቀርብ፣ የሚሸጠው ሮቶ ብቻ አይሆንም። አከራዩም ቢሆን ንጹሕ ሮቶ እንዳለው ለተከራዩ ማሳየት ከቻለ ግቢው ተፈላጊ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ገዢው ሻጩን ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል ብሎ ብቻ መጠየቁ አይበቃውም። ማን ያጥበዋል፣ መቼስ ይታጠባል ብሎም ይጠይቅ።