የጥንት ስፖርተኞችን ፊርማ ስለመመርመርና ዋጋውን ስለመተመን

የሉ ጌሪግ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ቢቀርብልን፣ ከፊደሉ ቅርጽ አስቀድመን ቀለሙን መመርመር ይገባናል። ጌሪግ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ እስክሪብቶ በአሜሪካ መደብሮች መሸጥ የጀመረው ግን በ1945። ስለዚህ በእስክሪብቶ የተጻፈ የጌሪግ ፊርማ ያለ ክርክር ሐሰት ነው። ኳሱም ራሱ ይመሰክራል። የአሜሪካን ሊግ ኳሶች የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ይታተምባቸው ነበር፤ ጆ ክሮኒን ሹመቱን የያዘው በ1959 ስለሆነ፣ በ1948 የሞተው ቤብ ሩት የክሮኒን ስም ባለበት ኳስ ላይ ሊፈርም አይችልም።

እንዲህ ያለው ማስረጃ ግን ሐሰቱን ያጋልጣል እንጂ እውነቱን አያጸናም። ከሁሉ የሚያስቸግረው፣ የክለብ ሠራተኞች ዝነኞቹን ተጫዋቾች ተክተው የፈረሙት ነው። ኳሱ የዘመኑ፣ ቀለሙ የዘመኑ፣ የመጣበትም መንገድ ንጹሕ ነው፤ እጁ ብቻ የሌላ ሰው ነው። ተራ አስመሳይ ፊደሉን እየሣለ ስለሚሄድ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። የለመደ ሠራተኛ ግን ሳያመነታ ስለሚጽፍ፣ ተጫዋቹ ከፈረመባቸው ውሎችና ቼኮች ጋር ማነጻጸር ግድ ይሆናል።

ዋጋን በተመለከተ፣ አንድ ሰው ብቻ የፈረመበት ኳስ ይወደዳል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ዋጋው ይወርዳል፤ የደበዘዘውን በአዲስ ቀለም ማድመቅ ደግሞ ጭራሽ ያበላሸዋል። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው ኳሱን ሳይሆን የምስክር ወረቀቱን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ በጀመረው ምርመራ ሐሰተኛ ፊርማዎች ከነሐሰተኛ ምስክር ወረቀታቸው ተገኝተዋል፤ የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር።