ሰርቨር ለሚገዛ ነጋዴ፤ ስለ ዲስክ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካው ኩባንያ አይ ቢ ኤም «ራማክ» የተባለውን የሒሳብ መኪና ለንግድ ቤቶች ባቀረበ ጊዜ፥ 50ው ክብ ዲስኮች በጠቅላላው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ይይዙ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚነሣ የአንድ ደረሰኝ ፎቶግራፍ ብቻውን ያን ያህል ስፍራ ሊወስድ ይችላል። የገዢው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ «ለመዝገቤ ይበቃዋልን?» የሚል ነው።

የሱቁንና የመጋዘኑን ሒሳብ በአንድነት የሚይዝ ሰርቨር ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ፥ በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥርና ለዳታቤዙ የሚተርፈው ስፍራ አንድ አለመሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች ያሉበት ሰርቨር፥ 8 ቴራባይት ነው ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን አንዱ ዲስክ ቢበላሽ የዱቤው መዝገብ አብሮ እንዳይጠፋ፥ ዲስኮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱን ጽሑፍ በሁለት ስፍራ እንዲይዙ ይደረጋል፤ ባለሙያዎች ሬይድ 10 የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ 8 የነበረው 4 ይሆናል። ደግሞም አምራቹ በ1,000፥ ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ በ1,024 ስለሚቆጥሩ፥ ይኸው 4 በስክሪኑ ላይ 3.6 ሆኖ ይታያል። ዲስኩ እስከ አፍ ገደፉ ከሞላ ዳታቤዙ ሽያጭ መመዝገቡን ያቆማልና፥ አምስተኛው እጅ ባዶ ቢተው ለሥራ የሚቀረው 2.9 ያህል ብቻ ነው።

ባለሱቁ ግን በዚህ መደንገጥ የለበትም። በቀን 200 ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ በ300 የሥራ ቀን 60,000 ደረሰኝ ይቆርጣል፤ አንዱ 5 ኪሎባይት ቢወስድ እንኳ የዓመቱ ድምር 300 ሜጋባይት ነው። ስፍራ የሚበላው የወረቀት ፎቶግራፍ ነው፤ ዲክላራሲዮኑ፥ የጭነት ሰነዱ፥ የባንኩ ኤል ሲ። እያንዳንዱ 10 ሜጋባይት የሆነ 20 ሰነድ በየቀኑ ቢገባ፥ በዓመት 60 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ አስመጪው ዳታቤዙን በፈጣኑ ኤስ ኤስ ዲ ላይ፥ የሰነዶቹን ፎቶግራፍ ደግሞ ዋጋው ረከስ ባለው ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢያኖር ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

በእኛ አስተያየት የተረፈው ገንዘብ ባዶ የዲስክ ማስገቢያ ላለው ሰርቨር ቢውል ይሻላል። ሁለት ማስገቢያ ብቻ ያለው በዋጋው ያጓጓል፤ በሞላ ጊዜ ግን ዲስኮቹን በትልልቆች መለወጥ፥ አለዚያም ሰርቨሩን እንዳለ መተካት ግድ ይሆናል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ነጋዴም፥ ኤስ ኤስ ዲው መብራት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ጽሑፍ ጽፎ የሚጨርስበት የራሱ ኃይል ማቆያ እንዳለው ሻጩን ይጠይቅ። ለቤት ኮምፒዩተር የተሠሩት አብዛኞቹ ይህ የላቸውም።

የዲስኮች ጥንድ መሆን ከስሕተት አያድንም። ጸሐፊው ሳያስብ የሰረዘው ሒሳብ ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛልና፥ በየማታው የሚወሰድ ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። የዚህም ዲስክ ዋጋ ከመጀመሪያው በግዥው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።