ኪው አር ኮድ፦ አሠራሩ፣ አዘገጃጀቱና ጥንቃቄው

በሱቆች፣ በመጻሕፍት ሽፋንና በክፍያ መስኮቶች ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦች የተሰባጠሩበትን ካሬ ምስል ያላየ አንባቢ አይኖርም ብለን እንገምታለን። ይህን ኪው አር ኮድ የተባለ ምስል በእጅ ስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ማዘጋጀት የደቂቃ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች አስውበው ያሳተሙት ኮድ ሳይነበብ ሲቀር ምክንያቱ አይገባቸውም። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን ተመልክተን ከዚያው የሚመነጩትን የአዘገጃጀት ደንቦች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኮዱ የተፈለሰፈው በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲሆን፣ የፈለሰፈው ዴንሶ በተባለው ኩባንያ በማሳሂሮ ሃራ የሚመራ ቡድን ነው። የመጀመሪያ ዓላማው የተሽከርካሪ መለዋወጫዎችን መቆጣጠር ነበር። ባር ኮድ መረጃ የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን፣ ኪው አር ኮድ ግን በቁመትም በወርድም ይይዛል።

በሦስቱ ማዕዘናት የሚገኙት ትልልቅ ካሬዎች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። በመሃላቸው የሚያልፍ መሥመር በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰመር ጥቁሩንና ነጩን በ1፡1፡3፡1፡1 ምጥጥን ያቋርጣል። የስልኩ ካሜራ ኮዱ ተዘቅዝቆ እንኳ ቢሆን አቀማመጡን የሚለየው በዚህ ምጥጥን ነው። ስለዚህ ካሬዎቹ መሸፈን የለባቸውም፤ በኮዱ ዙሪያም ቢያንስ የ4 ነጠብጣብ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ መተው ይገባል።

ሁለተኛው ምሥጢር ስሕተት ማረሚያው ነው። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን በ1960 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የሒሳብ ዘዴ አማካይነት፣ ኮዱ በተመረጠለት ደረጃ መሠረት 7፣ 15፣ 25 ወይም 30 በመቶ ያህል ቢጎዳም ሊነበብ ይችላል። በመሃሉ ዓርማ ስናስቀምጥ በፈቃዳችን ጉዳት እያደረስንበት ነው። በመሆኑም ከፍተኛውን ደረጃ መርጠን ዓርማውን ማሳነስ ይኖርብናል፤ ቆሻሻና የኅትመት ጉድለትም ድርሻቸውን ይፈልጋሉና።

ይህ ጥበቃ ግን ዋጋ አለው። 21 በ21 ነጠብጣብ ያለው ትንሹ ኮድ በዝቅተኛው ደረጃ 17 ባይት ሲይዝ፣ በከፍተኛው 7 ባይት ብቻ ይይዛል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ፊዚክስ» የሚለው ቃል ባለ 4 ፊደል ቢሆንም 12 ባይት ስለሚፈልግ፣ በከፍተኛው ደረጃ 25 በ25 የሆነ ኮድ ያሻዋል። ባለ 7 ፊደሉ የእንግሊዝኛ አቻው ግን በትንሹ ኮድ ልክ ይገባል። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ከማስገባት ይልቅ ወደ ጽሑፉ የሚመራ አጭር የድረ ገጽ አድራሻ ማስገባት ይመረጣል።

ቀለም መቀየር ይቻላል፤ ነጠብጣቦቹ ግን ከመደቡ ጎልተው የጠቆሩ ይሁኑ። መጠኑን በተመለከተም ከ2 ሜትር ርቀት የሚነበብ ኮድ በተለምዶ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል።

በመጨረሻም፣ አንዳንድ ኮድ አዘጋጂ ድረ ገጾች አንባቢውን በራሳቸው አድራሻ በኩል ያሳልፉታል፤ አገልግሎታቸው ሲቋረጥ የታተመው ኮድም ከንቱ ይሆናል። ስለሆነም ከማሳተማችን በፊት ኮዱን በስልካችን አንብበን በውስጡ ያለውን አድራሻ እናረጋግጥ። ከዚህ የከፋው ደግሞ አጭበርባሪዎች በእውነተኛው የክፍያ ኮድ ላይ የራሳቸውን መለጠፋቸው ነው። የሒሳብ ቀመሩ የተፋቀን ኮድ ያርማል እንጂ የተተካን ኮድ አያውቅም፤ የሰው ዓይንም ነጠብጣቦቹን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት በስልካችን ላይ የሚታየውን የተቀባይ ስም ከባለ ሱቁ ጋር ማመሳከር የእኛ ፈንታ ነው።