ግማሽ ፊቴን ለ"ፔፕታይድ"፣ ግማሹን ለግሊሰሪን!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፊት ነው፤ ያውም ስለ ፊት መሸብሸብ። "ገና ሃያዎቹን ያልጨረስን ልጆች ከሽብሽባት ጋር ምን አገናኘን?" የምትሉ ካላችሁ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ገዢው ማን እንደሆነ ታዘቡ። "እርጅናን ይከላከላል" የተባለውን ቅባት የሚጠይቁት አያቶች አይደሉም። አዲስ ተመራቂዎች፣ አስተናጋጆች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ወንዶችም አሉበት፤ "ለእህቴ ነው" ይላሉ እንጂ!

የሰሞኑ ቃል ደግሞ "ፔፕታይድ" ነው። ትናንት "ኮላጅን" ነበር፤ ከዚያ በፊት ኪያር ቆርጦ ዐይን ላይ መለጠፍ ነበር። ነገ ምን እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።

ነገሩን ያነሳሁት አንዲት የ27 ዓመት ወጣት በላከችልኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ባለ አንድ ማደያ ነዳጅ ቀጂ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

"እትዬ፣ ዕቁብ ደርሶኛል። ብሩን ያሰብኩት ለመንጃ ፈቃድ ነበር። ባለፈው ግን ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ እኔን 'እናት፣ ጠጋ በይ' ብሎ፣ በሦስት ዓመት የምትበልጠኝን ጓደኛዬን 'እህት' አላት! ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ዐይኔ ሥር መሥመር አለ። ጉንጬ ላይም ጠቆር ያለ ነገር ወጥቷል። እናቴ በ40 ዓመቷ አሮጊት መስላ ነበር፤ እኔም እንደሷ ልሆን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ፔፕታይድ ያለበት ክሬም ብገዛ ይለቀኛል? ዋጋው ከዕቁቡ ብዙ ይወስድብኛል። መንጃ ፈቃዱ ይቅርብኝ ወይ?"

እንግዲህ ይህ ጥያቄ የቅባት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ክሬሙን ራሴ ገዛሁት። ዕድሜዬ 39 ነው፤ ለሙከራ የሚሆን ሽብሽባት ሞልቶኛል። ሻጯ ልጅ ብልቃጡን እያገላበጠች "ይሄ ማለት ቦቶክስ ነው፤ መርፌ የለውም እንጂ!" አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ የመርፌው ያህል አመመኝ። የቤት ኪራዬን ግማሽ ያህላል።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ይህን እናንተም ልመዱት። ደህና አምራች ክሬሙ ውስጥ የገባውን ነገር በብዛቱ ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ በጣም ብዙ የገባው ከላይ፣ ጥቂት የገባው ከታች። ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት ግን እንደፈለገ ቢደረደሩ ይፈቀዳል። የኔው ላይ አንደኛው ውኃ ነው። ሁለተኛው ግሊሰሪን። አዎ፣ ያው ከፋርማሲ በርካሽ የምንገዛው ግሊሰሪን! ከዚያ ዘይትና ሰም መሰል ነገሮች ይከተላሉ። ሳጥኑ ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈው ፔፕታይድ ከሽቶውና እንዳይበላሽ ከሚገባው ኬሚካል ጋር ታች ተኮልኩሎ አገኘሁት።

ለመሆኑ ፔፕታይድ ምንድን ነው? ዶቃ አስቡ። አሚኖ አሲድ የሚባሉት ነገሮች ነጠላ ዶቃዎች ናቸው። ጥቂት ዶቃዎች በአጭር ክር ሲሰኩ ፔፕታይድ ይሆናሉ። በጣም ብዙ ሲሆኑ ፕሮቲን ይባላሉ። ኮላጅን እንዲህ ያለ ረጅም ፕሮቲን ሲሆን፣ ለቆዳችን እንደ ጭቃ ቤት ማገር ሆኖ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ዕድሜና ፀሐይ ማገሩን ሲበጣጥሱት ግድግዳው ይረግባል። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ከኮላጅን ላይ የተቆረጠች የአምስት ዶቃ ቁራጭ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ላሉ የቆዳ ሴሎች ቢሰጡ፣ ሴሎቹ ብዙ ኮላጅን መሥራት ጀመሩ። "ማገሩ ተሰብሯል፤ አዲስ አምጡ" የሚል መልእክት እንደ ደረሳቸው ቁጠሩት። የዛሬው የክሬም ገበያ ዋናው መነሻ ይህ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ፊታችን የላቦራቶሪ ሳህን አለመሆኑ ነው። ቆዳ የተፈጠረው ነገር እንዳይገባ ለመከልከል ነው። ዳልተን በሚባለው የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ከ500 በላይ የሆነ ነገር ጤነኛ ቆዳን አልፎ ለመግባት እንደሚቸገር የቆዳ ሐኪሞች ይናገራሉ። ያቺ የአምስት ዶቃ ቁራጭ ብቻዋን ከ560 ታልፋለች። በስብ የተሠራው ቆዳ እንዲቀበላት ተብሎ የስብ ጭራ ሲቀጠልላት ደግሞ 800 ትደርሳለች። ጭራው ይረዳታል፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን ጥቂት ነው።

በሰው ፊት ላይ ተሞክሮ ምን ታየ? ብዙ የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆነ 93 ሴቶች፣ 12 ሳምንት ሙሉ፣ አንዱን የፊታቸውን ጎን ፔፕታይድ ባለው፣ ሌላውን ጎን ፔፕታይድ በሌለው አንድ ዓይነት ክሬም ተቀቡ። የቱ የቱ እንደሆነ አልተነገራቸውም። ውጤቱ ፔፕታይዱ ያለበት ጎን በሽብሽባትና በቀጫጭን መሥመሮች በኩል በልጦ ተገኘ። ታዲያ "በለጠ" ሲባል በመሣሪያና በሠለጠነ ዐይን ተለክቶ ነው እንጂ፣ ጎረቤት "ምን ተቀብተሽ ነው?" የሚልበት ዓይነት አይደለም። ጥናቱን የሠሩት የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ባለሙያዎች ናቸው፤ ድርጅቱ ክሬም ሻጭ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሴቶቹም ነጮች ነበሩ። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔም ዘዴያቸውን ወሰድኩ። 12 ሳምንት፣ ጧትና ማታ፣ በቀኝ ጎኔ ውዱን ክሬም፣ በግራ ጎኔ በውኃ የቀጠነ ግሊሰሪን ከላዩ ትንሽ ቫዝሊን። ዳኞቼ ስድስት ነበሩ፤ ጸጉር ሠሪዬ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረውኝ ቡና የሚጠጡ ሦስት ጎረቤቶቼ፣ ታናሽ እህቴና የሰፈራችን ባለሱቅ። የቱ ጎን ምን እንደተቀባ አልነገርኳቸውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ጎን ወዝ አገኘ። የዐይኔ ሥር መሥመሮች በሁለቱም በኩል ቀነሱ። ማስታወቂያው "በሰባት ቀን ለውጡን ያያሉ" የሚለው ውሸት አይደለም ማለት ነው! ግን ያ ለውጥ የውኃ ነው። የደረቀ ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና መሥመሩ ይሞላል፤ መቀባቱን ስታቆሙ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ግሊሰሪኑ ከውዱ አላነሰም። እንዲያውም ውኃ ከቆዳ እንዳይተን በመክደን በኩል ቫዝሊንን የሚያክል የለም ይባላል።

በ12ኛው ሳምንት ዳኞቹ ድምፅ ሰጡ። ሦስቱ ቀኙን፣ ሁለቱ ግራውን መረጡ። አንዷ ጎረቤቴ ትክ ብላ አየችኝና "ሁለቱም ያው ነው፤ አንቺ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልግሽ" አለችኝ። የራሴን ካላችሁኝ፣ በቀኝ ዐይኔ ጠርዝ ላይ ቆዳው ትንሽ ለስለስ ያለ ይመስለኛል። ብሩን የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ዐይኔ ሊያዳላ ይችላል። የአንድ ሰው ፊትም ጥናት አይባልም። ግን የቤት ኪራይ ግማሽ? ኧረ ምን በወጣኝ!

አሁን ወደዚያች ነጥብ ልመለስ። ጥናቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጮች ነበሩ ብያለሁ። የነሱ ፊት ቶሎ ይሸበሸባል። የኛ ቆዳ ጥቁረቱ ራሱ ጃንጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ አንድ ጥናት የጥቁር ሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን የመከላከል አቅሙ በአማካይ 13 ያህል፣ የነጩ ግን 3 ያህል መሆኑን ለክቷል፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ላይ የምናየው ቁጥር ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ ሽብሽባት እኛ ዘንድ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ቀድሞን የሚመጣው ማድያቱ ነው። ያቺ ልጅ "ጉንጬ ላይ ጠቆር ያለ ነገር" ያለችው ይህንኑ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ የሚያስጨምረውም ከመሥመሩ ይልቅ እሱ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ደግሞ ለማድያት የተሠራ አይደለም!

አስረጂው ፀሐይ ነው። አቃቂ ከመርካቶ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ሰፈር ነው ብንልም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የምድር ወገብም ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ብርድ ነው፣ ደመና ነው ብላችሁ አትታለሉ።

ካላመናችሁ ቃሊቲ የሚቆሙትን የተሳቢና የቦቴ ሹፌሮች ክንድ እዩ። በመስኮት በኩል ያለው ግራ ክንዳቸው ከቀኙ የጠቆረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። የሰውዬው ቀኝ ፊት የአንድ ጎልማሳ፣ ግራው የአንድ ሽማግሌ ይመስላል! አንድ ሰው፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ምግብ፤ ልዩነቱ የመስኮቱ ፀሐይ ብቻ። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም ቆዳን የሚያስረጀውን ያሳልፈዋልና። ከኔ የግማሽ ፊት ሙከራ ይልቅ የሱ ያሳምናል።

መከላከሉም ተፈትኗል። አውስትራሊያ ናምቡር በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ከ900 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ፣ እንዳሻቸው ከሚቀቡት ይልቅ በ24 በመቶ ያነሰ እርጅና አሳይቷል። ውጤቱ በ2013 ነው የታተመው። የትኛውም ፔፕታይድ ይህን በሚያህል ረጅም ሙከራ ሲፈተን አላየሁም።

እንግዲህ የማደያዋ እህቴ፣ መልሴ ይኸውልሽ። መንጃ ፈቃድሽን አውጪ። ከዕቁቡ ላይ ለፊትሽ ጥቂት ብር ብቻ ቆንጥሪ። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ግዢ፤ አለቃሽ እንዲፈቅድልሽ ጠይቂ። ከፋርማሲ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውሰጂ። ለማድያት የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበት ይሻላል፤ ጥቁር ቆዳን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ነውና። ፊትሽን ነጭ አስመስሎ ዱቄት የነካሽ አያደርግሽም። በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ ጨምቀሽ ፊትና አንገትሽን ተቀቢ፤ ውጭ ከሆንሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ። ማታ የጢሱንና የአቧራውን ጥቀርሻ ታጥበሽ ግሊሰሪንሽን ተቀቢ። የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም መርፌ የምትወስጂ ከሆነ እሱም ማድያት ሊያመጣ ስለሚችል ለሐኪም ንገሪ። ከሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለልሽ፤ በቆዳ ሕክምና ስሙ የቆየው ደግሞ አለርት ነው።

ሽብሽባትን በደንብ የሚቀንስ መድኃኒት የለም ወይ ለምትሉ አለ፤ ትሬቲኖይን ይባላል። ከቫይታሚን ኤ ዘር ነው፤ ከፔፕታይድ የበለጠ ማስረጃ አለው። ግን ቆዳ ይቆጣል፣ የተቆጣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች አትነካውም። በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በጓደኛ ምክር የሚገዛ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ ፔፕታይዱን አይደለም። እሱ ኪስ ይጎዳል እንጂ ፊት አይጎዳም። የምፈራው ያለ ጽሑፍ በባዶ ብልቃጥ እየተገለበጠ፣ በቴሌግራምም በመንገድም "ማድያት ነቃይ፣ በሳምንት የሚያቀላ" እየተባለ የሚሸጠውን ነው። በእንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ በየአገሩ ተገኝቷል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ጽሑፍ ካለው ደግሞ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ፈልጉ። እነዚህ ለሕመም የሚታዘዙ ስቴሮይዶች ናቸው። ለወራት ፊት ላይ ከተቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ደም ሥር ያሳያሉ፣ ሲቆሙም ፊት በብጉር ይወረራል። ወጣት ለመምሰል ተብሎ ፊት ማስረጀት ይሏል ይህ ነው! በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመዋቢያ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ አጠራጣሪ ነገር ስታገኙ ጠቁሙ።

ፔፕታይዱን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት፤ ጥሩ ማለስለሻ ነው። ብልቃጡ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ሥዕልና ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። ከፀሐይ አርቃችሁ፣ በንጹሕ ጣት ብቻ እየነካችሁ ጨርሱት። የኔው ላይ 12 ይላል። የተረፈውን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ተረከዟን እየቀባችበት ነው።