አንድ ፕሪንተር፣ ሦስት ዓይነት ዊንዶውስ፦ ተረትና እውነታ

በብዙ መሥሪያ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቆች ፕሪንተሩ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ግን የተለያየ ዘመን ናቸው። አንዱ እስካሁን በዊንዶውስ 7 ይሠራል፣ ሌላው በ10፣ በቅርቡ የተገዛው ላፕቶፕ ደግሞ 11 ይዞ መጥቷል። ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ገመድ ከአንዱ ጋር ስለተያያዘ የቀሩት ሠራተኞች ፋይላቸውን በፍላሽ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ፍላሹም ከፋይሉ ጋር ቫይረስ ያመላልሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሼር ማድረግ የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ምክር ስለሚያሳስት ነው። የከፋው ምክር ደግሞ ፕሪንተሩን ያሠራና የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ ለአደጋ አጋልጦ ይተዋል።

ተረት 1፦ «የተለያየ ዊንዶውስ ያላቸው ኮምፒውተሮች ፕሪንተር አይጋሩም፤ ሁሉም ፎርማት ተደርገው አንድ ዓይነት ይጫንባቸው።»

እውነታው፦ ይጋራሉ። ይህ እምነት በከፊል የመጣው ከ«ሆም ግሩፕ» ነው። ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣው ይህ ቀላል የመጋሪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዊንዶውስ 10 ሲወጣ፣ ብዙ ሰው መጋራት ራሱ የቀረ መሰለው። የቀረው ግን አቋራጩ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም የነበረው መደበኛው የፕሪንተር ሼሪንግ በ7፣ በ10 እና በ11 ላይ ዛሬም አለ።

ተረት 2፦ «ፕሪንተሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ድራይቨር ካለ ለሁሉም ይበቃል።»

እውነታው፦ ድራይቨር በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ይፈልጋል። ዋናው ችግር የሚነሣው 32 ቢት እና 64 ቢት ሲገናኙ ነው። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ሲሆን፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ተጭኖባቸዋል። የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ፕሪንተሩ በተሰካበት ኮምፒውተር የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ «ሼሪንግ» በሚለው ገጽ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ተጭኖ የሌላውን ቢት ድራይቨር መጨመር ነው። ሁለተኛው፣ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ለራሱ ስሪት የሚሆነውን ድራይቨር አስቀድሞ መጫን፣ ከዚያም አዲስ «ሎካል ፖርት» ፈጥሮ በፖርቱ ስም ቦታ ሁለት ወደ ግራ ያዘነበሉ ሰረዞች፣ የባለ ፕሪንተሩን ኮምፒውተር ስም፣ እንደገና አንድ ሰረዝ፣ በመጨረሻም ፕሪንተሩ ሼር የተደረገበትን ስም መጻፍ ነው። የመጀመሪያው መንገድ እምቢ ሲል ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ተረት 3፦ «አሮጌው ከአዲሱ ጋር እንዲገናኝ ኤስኤምቢ 1 መከፈት አለበት።»

እውነታው፦ ይህ ከሁሉም አደገኛው ምክር ነው። ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩበት ቋንቋ ሲሆን፣ 1 የሚባለው እጅግ ያረጀው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የጠየቀው በዚሁ አሮጌ ቋንቋ ቀዳዳ ገብቶ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣው የዊንዶውስ 10 አዲስ ስሪት ኤስኤምቢ 1ን በራሱ መጫን አቆመ። ኤስኤምቢ 1 የግድ የሚያስፈልገው እንደ ኤክስፒ ላለ ስሪት ነው። ዊንዶውስ 7 ኤስኤምቢ 2ን ስለሚያውቅ ከ10 እና ከ11 ጋር ለመገናኘት ይህን ቀዳዳ መክፈት አያስፈልገውም።

ተረት 4፦ «ፕሪንተሩ ከአፕዴት በኋላ ካቆመ አፕዴቱን ማጥፋት ነው።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ላይ «ፕሪንት ናይትሜር» የተባለ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ አጥቂ በዚያ ገብቶ ኮምፒውተሩን እንዳሻው ማዘዝ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በነሐሴ የፕሪንተር ድራይቨር ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ እንዳይጫን አደረገ፤ በመስከረም ደግሞ በኮምፒውተሮቹ መካከል ያለውን የማንነት ማረጋገጫ አጠበቀ። ያኔ ነው በ«11ቢ» የሚያልቀው የስሕተት ቁጥር በየቢሮው የታየው። ምክንያቱ አንዱ ኮምፒውተር አፕዴት ሆኖ ሌላው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱንም አፕዴት ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ስላቆመ፣ ለዚያ ኮምፒውተር ከላይ ያየነውን የሎካል ፖርት መንገድ ይሞክሩ።

ተረት 5፦ «ፓስወርዱንና ፋየርዎሉን ካጠፉ ሁሉም ይገናኛል።»

እውነታው፦ ፋየርዎልን ማጥፋት አያስፈልግም። ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ይለውጡትና የፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግን ብቻ ይፍቀዱ። ፓስወርድ ማጥፋትም እየቀረ ነው፤ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ስሪቶች ያለ ፓስወርድ በእንግድነት የሚደረገውን ግንኙነት አይቀበሉም። ፕሪንተሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለኅትመት ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ከፓስወርድ ጋር ይፍጠሩ፤ በሌሎቹ ላይ አንዴ አስገብተው እንዲያስታውሱት ያድርጉ። ብዙዎችን የሚያደናግረው ፒን ነው፦ ኮምፒውተሩን የሚከፍቱበት ፒን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ በኔትወርክ ሲያስገቡት አይቀበልም።

ተረት 6፦ «ፕሪንተር ለመጋራት የግድ አንድ ኮምፒውተር መሐል መግባት አለበት።»

እውነታው፦ የፕሪንተሩን ጀርባ ይመልከቱ። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው ወይም ዋይፋይ የሚይዝ ከሆነ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ያገናኙት። ያኔ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ድራይቨር በቀጥታ ያትማል፤ የዊንዶውስ ስሪት ልዩነትም ሆነ የኮምፒውተሮቹ የፓስወርድ ጣጣ አይነሣም። ማክና ሊኑክስም ቢሆኑ በዚሁ መንገድ ያትማሉ። ባለ ዩኤስቢውን የያዘው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሲወጣ ሥራ መቆሙም ይቀራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ ለፕሪንተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ ሊሰጠው ስለሚችል፣ አድራሻው እንዳይለወጥ በራውተሩ ላይ ያስይዙት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፕሪንተሩ ኔትወርክ የሚይዝ ከሆነ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር፤ ካልያዘ በትክክለኛው ድራይቨር፣ በተሟላ አፕዴት እና በፓስወርድ ሼር ማድረግ። «አጥፋው» ወይም «ክፈተው» ብቻ የሚል ምክር ሲሰሙ ግን ምን እንደሚዘጋና ለማን እንደሚከፈት ሳይጠይቁ እጅዎን አያንሱ። አንድ ገጽ ለማተም ሲባል የደንበኞችን ሰነድና የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም።