ሆን ብለን የምንተዋቸው ማይቶች

ዝዋይ ካሉት የጽጌረዳ እርሻዎች በአንዱ ስካውት ነኝ። ሥራዬ በየመደቡ እየዞርኩ የቅጠል ጀርባ ገልብጦ ማየት ነው፤ ማጉያ መነጽሬ ካንገቴ አይወርድም።

ቅጠሉ ጀርባ ላይ ዋናው ጠላታችን ማይት ነው፦ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ፣ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት። ቅጠሉን እየወጋ ይመጠዋል፤ ሲበረታም ድር ያደራበታል። ሌላው ደማቅ ቀይ፣ እግረ ረጅም ነው። ፐርሲሚሊስ እንለዋለን። ሁለቱም ባለ ስምንት እግር የሸረሪት ዘመዶች ናቸው፤ ቀዩ ግን ተክል አይነካም፣ የሚበላው ማይት ብቻ ነው። ዐይን የለውም። በፊት እግሮቹ እየዳሰሰ ይሮጣል፤ የማይት እንቁላል ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይመጠዋል፣ እንቁላሉም እንደ ተነፈሰ ኳስ ይጨማደዳል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ ጀርመን በገባ ኦርኪድ ላይ የተገኘ ነው። በ1967 ደግሞ ያን ኮፐርት የተባለ ሆላንዳዊ የኪያር አምራች፣ ኬሚካሉ ለጤናው አልስማማ ሲለው፣ የማይትን ጠላት ወደ ማርባት ዞረ። ዛሬ በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣልናል፤ ቅጠሉ ላይ እንነሰንሰዋለን። ኬሚካል ሲረጭ ሠራተኛው ሁሉ ግሪንሀውሱን ለቅቆ ይወጣል፤ ይሄ ሲነሰነስ ማንም ከሥራው አይነሳም።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አለቃችን አንድ ቅጠል ያነሳና፣ «አንቺ፣ ይሄ ማይት አይደለም እንዴ? ለምን አይረጭም?» ይላል።

«ነው ጋሼ፤ ግን ቀዩንም ይዩልኝ።»

ቅጠሉ ፍጹም ንጹህ ከሆነ ፐርሲሚሊስ በረሃብ ያልቃል፤ ማይት ሲመለስም የሚቀበለው ጠላት አያገኝም። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መርዝ፣ በተለይ ፓይረትሮይድ፣ የባሰ ነው። ቀዩን ይጨርሳል፣ መርዙን የለመደው ማይት ግን ይተርፋል፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ከእንቁላል ተነስቶ ለመውለድ የሚፈጅበት አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ማይት የበረታበትን ቦታ ብቻ ለይተን እንረጫለን፤ ያውም እንደ ቢፈናዜት ያለ፣ ማይቱን ገድሎ ፐርሲሚሊስን ብዙ የማይጎዳ። አየሩ ሲደርቅ የፐርሲሚሊስ እንቁላል ስለሚጠወልግ፣ ድርቀት የሚችለውን ዘመዱን ካሊፎርኒከስን እንጨምራለን።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለማይት ነው። ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ለሚባለው የእሳት እራት አይሠራም፤ የአውሮፓ ኅብረት በአበባው ውስጥ የዚህ እራት አንድም ትል እንዲገባበት አይፈቅድም። እዚህ ላይ መርዝ አብዝቶ የመርጨት ፈተናው ከባድ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ቢቲ ይሞከር ባይ ነኝ። ባክቴሪያ ነው፤ የሚገድለውም የበላውን ትል ስለሆነ ፐርሲሚሊስን አይነካም። ችግሩ ትሉ እምቡጥ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደርስበትም። ስለዚህ እምቡጥ እየሰነጠቁ ማየትም ከሥራዬ አንዱ ነው።