ስለ ሜይን ድመት ትውልድና ጠባይ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ሜይን የሚባል ግዛት አለ። አገሩ ባሕርና ደን የሞላበት፥ በክረምትም በረዶው በየደጃፉ ተከምሮ ለብዙ ወራት የሚቈይበት ነው። ሜይን ኩን የምትባለው ባለ ረዥም ጠጕር ድመት የተገኘችው ከዚሁ አገር ነው። ዛሬ በብዙ አገር በታላላቅ ቤቶች በምንጣፍ ላይ ተኝታ ብትታይም፥ አያቶቿ የኖሩት በገበሬ ጐተራና በመርከብ ሆድ ውስጥ አይጥ እየያዙ ነው። ድመት ወደ ቤታቸው ለማስገባት ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ታሪኳን ባጭሩ እንገልጻለን፤ የዘመኑም ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሰው ለወደደው ነገር ትልቅ ዘር መፈለጉ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ለዚችም ድመት የትውልድ ሐረግ ተፈጥሮላታል። የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በ1793 ዓ.ም. በሞት ከመቀጣቷ በፊት ወዳጆቿ በሥውር ወደ አሜሪካ ሊያሻግሯት አስበው፥ ሳሙኤል ክላፍ በሚባል አዛዥ መርከብ ላይ ዕቃዋንና ድመቶቿን ጫኑ፤ ንግሥቲቱ ብትቀርም ድመቶቹ ሜይን ደረሱ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። ሌሎች ደግሞ ጭራው ወፍራምና ባለ ቀለበት ከሆነው ራኩን ከሚባለው የዱር አውሬ ተዳቅላለች ይላሉ። ኩን የሚለው ስሟም ከዚሁ አውሬ ስም አጥሮ የተወሰደ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሁለቱ እንስሶች ተዳቅለው መውለድ ከቶ አይቻላቸውም።

ለእውነት የሚቀርበው ነገር ይህን ያህል ክብር የለበትም፤ እኛን ግን ከንግሥቲቱ ታሪክ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። ከአውሮፓ የሚመጡ መርከበኞች እህላቸውን አይጥ እንዳያጠፋባቸው ድመት ይዘው ይጓዙ ነበር። ከነዚህም ውስጥ ባለ ረዥም ጠጕሮቹ በየወደቡ ወርደው ካገሩ ድመቶች ጋራ ተዋለዱ። የጠጕር ርዝመት የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ብቻ ስለ ሆነ፥ አጭር ጠጕር ባላቸው ወላጆች ተሰውሮ ቈይቶ በልጅ ልጅ ይገለጣል። ከዚያ ወዲያ የመረጠው ክረምቱ ነው፤ ብርዱን ያልቻለ ሞተ፥ የቻለ ወለደ።

ይህንም ሰውነቷ ይመሰክራል። ጠጕሯ በትከሻዋ ላይ አጠር ብሎ፥ በረዶ በሚነካት በሆዷና በታፋዋ በኩል ይረዝማል፤ ውሃም ቶሎ አያስገባም። በጣቶቿ መካከል የበቀለው ጠጕር በበረዶ ላይ ስትሄድ ይረዳታል፤ ረዥሙንም ጭራዋን ስትተኛ እንደ ጋቢ ትደርበዋለች። ወንዱ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ ዕድገቱንም የሚጨርሰው በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ነው። ይህን ከሚያህል ሰውነት የሚወጣው ድምፅ እንደ ወፍ ቀጭን መሆኑ ሰሚውን ያሥቃል።

በሜይ ወር 1895 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፥ ማዲሰን ስኵዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ ታላቅ የድመት ውድድር በተደረገ ጊዜ፥ ኮዚ የምትባል ቡናማ የሜይን ድመት ከሁሉ በልጣ የብር የአንገት ማሰሪያ ተሸለመች፤ ማሰሪያውም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቈይ ባለጠጎቹ ከባሕር ማዶ የመጣችውን የፋርስ ድመት ወደዱና ያገራቸውን ናቁ። በ1950ዎቹ ዓመታት ዘሯ ጠፋ ተብሎ እስኪነገር ድረስ ተረሳች። እርሷ ግን አልጠፋችም ነበር፤ የሜይን ገበሬዎች አይጥ መያዟን እንጂ መሸለሟን ስላልጠየቁ በየጐተራቸው ጠብቀዋታል። ወዳጆቿም በ1968 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው ደከሙላት፤ በ1976 ዓ.ም. ታላቁ የአሜሪካ የድመት አርቢዎች ማኅበር በሙሉ ማዕርግ ለውድድር ተቀበላት፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የሜይን መንግሥት የግዛቱ ድመት ብሎ በሕግ ሰየማት።

ክረምት ያልጐዳትን ግን ዝና ጐድቷታል። ፈላጊው ሲበዛ ከጥቂት ወላጆች ብዙ ማርባት ተለመደ፤ እንዲህም ሲሆን የተሰወረ ደዌ አብሮ ይረባል። በዚህ ዘር ላይ የሚታየው የልብ ጡንቻ እየወፈረ የሚሄድበት በሽታ ነው፤ ድመቲቱ ደኅና መስላ ስትጫወት ውላ በድንገት ልትሞት ትችላለች። በ2005 ዓ.ም. ሊቃውንት ከዘር የሚወረሰውን አንዱን ምክንያት ስላገኙት፥ ዛሬ ከደም ወይም ከምራቅ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። ምርመራው በሽታውን ሁሉ የሚገልጥ ስላልሆነ የወላጆቹ ልብ በመሣሪያ መታየት አለበት። ስለዚህ ይህችን ድመት ለልጆቹ ሊገዛ የሚወድ ሰው አስቀድሞ የእናቲቱንና የአባቲቱን የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ፤ ሻጩ ለማሳየት ካመነታ ግን ግልገሏ ምንም ብታምር ከእጁ አይቀበል።